የኢርቪንግ ፊሸር ቤት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቤት የሠራ ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ዋጋውን አስቀድሞ አይናገርም። በመጀመሪያ የሚያወሳው ማን እንዳገዘው፣ ዕቁቡ በስንተኛው ዙር እንደ ደረሰው፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ለክዳኑ ምን እንደ ላከለት ነው። ዋጋው የሚነሣው ቤቱ ሊሸጥ ወይም ለብድር መያዣ ሊሆን ሲል ነው። ያን ጊዜ ቤቱ መጠለያ መሆኑ ይዘነጋና በመዝገብ ላይ የሚሰፍር ቁጥር ይሆናል። ቁጥር ደግሞ ይወጣል፤ ይወርዳል።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች የቤት ዋጋ ሲወድቅና ኤኮኖሚው ሲዳከም ተራው ቤተሰብ የሚደርስበትን እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩን በንድፈ ሐሳብ ከማብራራት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት መተረክ የሚሻል መስሎ ታየኝ። ሰውየው አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ኢርቪንግ ፊሸር ናቸው። ከሞቱ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ወይም ሞልቷል፤ ስማቸውን ግን ኤኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የመረጥኳቸው ለስማቸው አይደለም። ዕዳና የዋጋ መውደቅ ተጋግዘው ቤተሰብን እንዴት እንደሚያፈርሱ በትክክል የጻፉት፣ እርሳቸው ራሳቸው በዚያው ምክንያት ሀብታቸውን ካጡ በኋላ በመሆኑ ነው። ከዚህም በላይ የእርሳቸው ሒሳብ፣ ወደ በኋላ እንደምናየው፣ በጉራጌ ከተሞች ዕቁብ ላይ ሳይቀር ይሠራል። አንባቢ እንዳይደናገር፣ የውጭው አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ፊሸር ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1867 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ሶገርቲዝ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲሰናዳ፣ በ1884 አባትየው በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። በዐሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ እናትንና ታናሽ ወንድምን የመርዳት ኃላፊነት በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ሀብታም ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አስጠኚ ሲፈልጉ ሒሳብ በማስጠናት የራሳቸውንም የቤታቸውንም ወጪ ሸፈኑ። በድኅነት ያደገ ሰው በጎልማሳነቱ ገንዘብ ሲያገኝ አንዳንዱ ይሰስታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይደፍራል። ፊሸር ደፋሮቹ ወገን ሆኑ።

በዬል የሒሳብ ተማሪ ነበሩ። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ዊላርድ ጊብስ አስተማሯቸው። በ1891 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙበት ድርሰት ግን የኤኮኖሚ ነበር፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ትምህርት የመጀመሪያው መሆኑ ይነገራል። በድርሰታቸው ውስጥ የገበያ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን ለማሳየት የውኃ ገንዳዎች፣ ቧንቧዎችና ማንሻዎች ያሉት መኪና ነደፉ፤ ጥቂት ቆይተውም ሠርተው ለተማሪዎች አሳዩበት። አንዱ ገንዳ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል፤ ውኃው ሁሉ ተገናኝቷልና አንዱን ብቻ መንካት አይቻልም። ይህ ሥዕል ከአእምሯቸው አልወጣም። አርባ ዓመት ቆይተው ስለ ዕዳ የጻፉት ነገር በመሠረቱ ይኸው የተገናኘ ውኃ ነው።

በ1893 ማርጋሬት ሐዛርድ የተባሉ የባለጸጋ ልጅ አገቡ። የሐዛርድ ቤተሰብ በሮድ አይላንድ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ሙሽሮቹ ወደ አውሮፓ ሄደው ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላቸው ሲመለሱ፣ የሙሽራይቱ አባት በኒው ሄቨን ከተማ በፕሮስፔክት መንገድ ትልቅ ቤት አሠርተው፣ ዕቃውን አሟልተው ጠበቋቸው። ለዚህ ቤት አንድ ሳንቲም አልተበደሩበትም። ካርታው ንጹሕ፣ ግድግዳው የራስ ነበር። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ታሪኩ በኋላ ወደዚሁ ቤት ይመለሳልና።

በ1898 አባታቸውን የገደለው በሽታ እርሳቸውንም ያዛቸው። ለሦስት ዓመታት ያህል ማስተማራቸውን አቋርጠው ንጹሕ አየር ወዳለባቸው ተራራማና ባሕር ዳር አካባቢዎች ሲዘዋወሩ ከረሙ። ከዳኑ በኋላ ጤና አጠባበቅን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ሥጋ ቀነሱ፣ መጠጥ ፈጽመው ተዉ፣ በአሜሪካ መጠጥ በሕግ እንዲከለከል ከሚሟገቱት ግንባር ቀደም ሆኑ። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የሰውን ዘር በመምረጥ እናሻሽላለን ከሚሉት ወገኖች ጋር ተባብረው የአሜሪካውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት እስከ መምራት ደረሱ። ይህ እንቅስቃሴ በስንት ሕዝብ ላይ ምን እንዳስከተለ ስለምናውቅ፣ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ገጽ ሳያነብ እንዲያልፈው አልፈልግም። በቁጥር ረቂቅ የሆነ አእምሮ በሰው ጉዳይ ድፍን ሊሆን እንደሚችል ፊሸር አንድ ማስረጃ ናቸው።

በሙያቸው ግን ጊዜው የእርሳቸው ነበር። በ1911 ስለ ገንዘብ የመግዛት አቅም ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የገንዘብ መጠንና የሚዘዋወርበት ፍጥነት ከሸቀጦች ዋጋ ጋር ያላቸውን ዝምድና በአንዲት ቀላል ቀመር አስቀመጠ። ዛሬም ተማሪዎቻችን በመጀመሪያው ዓመት የሚያጠኑት ይኸንኑ ነው። ወለድ ሁለት ገጽታ እንዳለውም አስረዱ፤ አንደኛው በውሉ ላይ የተጻፈው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የዋጋው መውጣትና መውረድ ከተቀነሰለት ወይም ከተጨመረበት በኋላ ተበዳሪው በእውነት የሚከፍለው ነው። በ1928 ያወጡት ሌላ መጽሐፍ ሰዎች ብርን እንደማይለወጥ መለኪያ እየቆጠሩ ሲታለሉ ያሳያል። ከስድስት ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሄደው ነበር፤ ማርክ የተባለው የጀርመን ገንዘብ ከቀን ወደ ቀን ይረክስ በነበረበት ሰዓት ማለት ነው። አንዲት ባለ ሱቅ ሸሚዝ ሸጠችላቸውና ቀድሞ ከገዛችበት ዋጋ በላይ ስለ ሸጠች እንዳተረፈች ነገረቻቸው። በተሸጠው ሸሚዝ ምትክ ሌላ ለማምጣት የሚያስፈልጋት ገንዘብ ግን እርሳቸው ከከፈሉት ጋር እኩል ነበር። ትርፍ ብላ የያዘችው የማርኩን መርከስ ነው። መርካቶ የሠራ ወይም ከመርካቶ እያመጣ ቡታጅራ የሚቸረችር ነጋዴ ይህን ታሪክ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ አንዳንዱ ደግሞ ፈገግታው ቶሎ ይጠፋበታል።

ፊሸር ፕሮፌሰር ብቻ ሆነው አልቀሩም። የስም ካርዶችን ደርድሮ በአንድ እይታ ለማግኘት የሚያስችል ዘዴ ፈልስፈው በ1913 የፈጠራ መብት አወጡበት፤ በባለቤታቸው ገንዘብም ኩባንያ አቋቋሙ። በ1925 ኩባንያው ካርዴክስ ከሚባለው ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ይህ ስም ለአንጋፋ የሒሳብና የንብረት ክፍል ሠራተኞች እንግዳ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላም ሬሚንግተን ራንድ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ተመሠረተ። ፊሸር ከሽያጩ ያገኙትን በአክሲዮን ያዙ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪካቸው ሌላ በሆነ ነበር። አክሲዮኑ ዋጋው ሲጨምር ግን ያንኑ አስይዘው ተበድረው ሌላ አክሲዮን ገዙ። ዋጋው ይጨምራል፣ የመያዣው ግምት ያድጋል፣ ብድሩም አብሮ ያድጋል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሀብታቸው እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር፤ በመዝገብ ላይ ማለቴ ነው።

በኦክቶበር 1929 አጋማሽ፣ የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍታ ላይ የደረሰ እንደሚመስላቸው በአደባባይ ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ተደረመሰ። እርሳቸው ግን ለብዙ ወራት በቅርቡ ያገግማል ማለታቸውን አልተዉም። ማታለላቸው አልነበረም፤ የራሳቸውንም የዘመዶቻቸውንም ገንዘብ በቃላቸው ላይ አውጥተውታል። የሬሚንግተን ራንድ አክሲዮን ከ58 ዶላር ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 1 ዶላር ገደማ ወረደ። ዕዳው ግን ከ58 ወደ 1 አልወረደም፤ እንዳለ ቆመ። የባለቤታቸው እኅት ካሮሊን ሐዛርድ አበደሯቸው፣ ደግመው አበደሯቸው። የግብር መሥሪያ ቤትም ውዝፍ ጠየቃቸው። በመጨረሻ ያ በሠርግ ስጦታ ያገኙት፣ ዕዳ ያልነበረበት ቤት በአበዳሪ እንዳይወሰድ ሲባል ዩኒቨርሲቲው ገዛውና መልሶ አከራያቸው። አርባ ዓመት ባለቤት ሆነው የኖሩበትን ቤት ተከራይ ሆነው ኖሩበት። ኪራዩንም መክፈል አቃታቸው።

በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ከተሞች የደረሰውን ስናስብ የፊሸር ችግር የባለጸጋ ችግር ነው ሊባል ይችላል። ያ ዘመን የተራውን ቤተሰብ ቤትም አላስቀረለትም። በዚያን ጊዜ አንድ ሠራተኛ ለቤት መግዣ የሚያገኘው ብድር ዛሬ እንደምናውቀው የሃያና የሠላሳ ዓመት አልነበረም። አብዛኛው ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሆነ ጊዜ የሚያልቅ፣ እስከዚያው ወለዱ ብቻ የሚከፈልበት፣ ዋናው ገንዘብ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ የሚጠየቅበት ውል ነበር። በደጉ ዘመን ውሉ ሲያልቅ ባንኩ ያድሰዋል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባንኮቹ ራሳቸው እየወደቁ ስለ ነበር የሚያድስ ጠፋ። በ1933 ከሠራተኛው አራት አንዱ ሥራ ፈት ሆነ። በዚያው ዓመት በየቀኑ ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጋ ቤት በዕዳ ምክንያት ከባለቤቱ ይወሰድ ነበር። እነዚህ ሰዎች በአክሲዮን አልቆመሩም፣ ስለ ገበያ ከፍታም አልተናገሩም። ቤት ገዝተው ወለዳቸውን በወቅቱ ሲከፍሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ፊሸር ከውድቀታቸው በኋላ ያደረጉት ነገር ከቀድሞ ሥራቸው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የስድሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ፣ ስማቸው መቀለጃ ሆኖ፣ ባለዕዳ ሆነው፣ የተሳሳቱበትን ምክንያት ለመመርመር ተቀመጡ። በ1932 መጽሐፍ፣ በ1933 ደግሞ ኤኮኖሜትሪካ በተባለው አዲስ መጽሔት አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። መጽሔቱን የሚያወጣው ማኅበር በ1930 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሳቸው ነበሩ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው ከመጠን በላይ ተበድሮ ሳለ ድንገት ፍርኀት ይገባል። ባለዕዳ ሁሉ ዕዳውን ለመክፈል ያለውን ይሸጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋ ይወድቃል። ለባንክ የተከፈለው ገንዘብም ከገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይበልጥ ይወድቃል። ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ዶላር የመግዛት አቅም ስለሚጨምር፣ የቀረው ዕዳ በቁጥር ቢያንስም በክብደት ያድጋል። ነጋዴው ይከስራል፣ ሠራተኛ ይቀነሳል፣ ያለው ሰው ገንዘቡን ይደብቃል። ባለዕዳዎች በከፈሉ ቁጥር የባሰ ባለዕዳ ይሆናሉ።

ይህን በቁጥርም አስደገፉት። በእርሳቸው ግምት እስከ 1933 መጀመሪያ ድረስ አሜሪካውያን ከዕዳቸው 20 በመቶውን አቃለው ነበር። ዶላሩ ግን በዚያው ጊዜ 75 በመቶ ከብዷል። ከመቶ የቀረው ሰማንያ በዚያ ክብደት ሲባዛ መቶ አርባ ይሆናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከፍል የከረመ ሕዝብ ከጀመረበት በ40 በመቶ የበለጠ ዕዳ ይጠብቀዋል ማለት ነው። የሒሳብ ሰው ለሆነ የማኅበራችን አባል ከዚህ የሚያስደነግጥ ማባዛት ያለ አይመስለኝም።

አሁን ከኒው ሄቨን ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ እንመለስ። ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ወልቂጤ በጅማው መንገድ ላይ የጉራጌ ዞን ማዕከል ናት። በሁለቱም ከተሞች የቤት ዋጋ መውደቅ የመጀመሪያ ትዝታ የገበያ ሳይሆን የሕግ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይንም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ፣ ትልቁ ቅናሽም ለዝቅተኛው ኪራይ ነበር። ተከራዩ ያን ዕለት እፎይ አለ። ጡረታ የሌለው፣ በሁለት ክፍል ኪራይ ልጆቹን የሚያስተምር ሽማግሌ ደግሞ ያን ዕለት ሀብቱ ዜሮ ሆነ። ለቦታው ካሳ አልተከፈለም። ፊሸር ቢጠየቁ ምናልባት አንድ ነገር ይለዩ ነበር፤ ያ ውድቀት አንድ ጊዜ የሆነና ያለቀ ነው። የቤቱ ዋጋ ጠፋ እንጂ ባለቤቱን እያሯሯጠ ሌላውን እንዲሸጥ፣ ሌላውም የጎረቤቱን ዋጋ እንዲጥል አላደረገም። ፊሸር የፈሩት ውድቀት ግን ራሱን በራሱ የሚመግብ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የቡታጅራ ቤተሰብ እንውሰድ። ቤቱ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ 1 ሚሊዮኑ ከባንክ የተበደረው ነው። የቤት ዋጋ በ30 በመቶ ወርዶ 1 ሚሊዮን 400 ሺሕ ሆነ እንበል። ጎረቤት የቤተሰቡ ሀብት በ30 በመቶ ቀነሰ ብሎ ያስባል። ዕዳው ግን አልተነካም፤ ስለዚህ የራሳቸው የነበረው 1 ሚሊዮን አሁን 400 ሺሕ ነው። የቀነሰው 60 በመቶ ነው። በዚህ ላይ የሥራ መቀዝቀዝ ተጨምሮ ሦስት አራት ወር ክፍያ ቢያቋርጡ፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ከሠላሳ ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በሐራጅ የሚሸጥ ቤት በቀዘቀዘ ገበያ ምን እንደሚያወጣ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ከዚያም አልፎ ያ የሐራጅ ዋጋ በአካባቢው ላሉት ቤቶች ሁሉ አዲስ ግምት ይሆናል። ያልተበደረው ጎረቤትም ያለ ጥፋቱ ቤቱ ረከሰበት።

እውነቱን ለመናገር በእነዚህ ከተሞች ከባንክ ተበድሮ ቤት የሠራ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሠራው በዕቁብ፣ በወንድማማች መዋጮና መስቀል ሲመጣ ከአዲስ አበባ በሚገባ ገንዘብ ነው። ይህ ልማድ ብዙ ሠርቷል። በ1950ዎቹ ጉራጌዎች ተሰባስበው በመዋጮ መንገድ ያሠሩበት ታሪክ የዚሁ ልማድ ታላቅ ወንድም ነው። ታዲያ ዕዳ የለም ማለት ነውን? አይደለም፤ ዕዳው መልኩን ለውጦ ይኖራል። በሦስተኛው ዙር ዕቁብ ወስዶ ግንብ ያቆመ ሰው ለቀሩት ዙሮች ሁሉ ባለዕዳ ነው። መርካቶ ያለው ሱቁ ቢቀዘቅዝና መጣል ቢያቅተው የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ዋሱ ደግሞ አማቹ ወይም የአገሩ ልጅ ነው። በአሜሪካ ባንክ ላይ የወረደው ኪሣራ እዚህ በዝምድና መስመር ይጓዛል። ሐራጅ የለም፤ ነገር ግን በለቅሶ ቤት ጎን ለጎን መቀመጥ ያቆሙ ወንድማማቾች ይኖራሉ። ይህ በየትኛውም የሒሳብ ሚዛን ላይ አይታይም፤ የኪሣራው ትልቁ ክፍል ግን እርሱ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ደግሞ የቤት ባለቤቱ አይደለም። ግንባታ ሲቆም መጀመሪያ የሚፈታው ግንበኛው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ ብሎኬት ተሸካሚው ነው። የእነርሱ ቀን ውሎ ሲቋረጥ እንጀራ የምታቀርብላቸው ሴት ገበያዋ ይቀዘቅዛል፤ የቤት ኪራይዋን ታስተጓጉላለች፤ ኪራዩን የሚጠብቀው ባለቤትም ዕቁቡን ይዘገያል። የተገናኘው ውኃ ማለት ይህ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስን፣ ዓላማው የዋጋ ንረትን መግታት ነበር። ንረቱን መግታት ተገቢ ነው። ሆኖም ገንዳው አንድ ጎን ሲዘጋ ሌላው ጎን እንዲጎድል የፊሸር መኪና አስቀድሞ ያሳየናል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በአገራችን የቤት ዋጋ መቼ ወደቀ ይባላል። በብር ሲቆጠር እምብዛም አይወድቅም። ፊሸር የጀርመኗን ባለ ሱቅ ታሪክ የጻፉት ግን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ከሦስት ዓመት በፊት 2 ሚሊዮን የተጠየቀበት ቤት ዛሬም 2 ሚሊዮን ከተጠየቀበትና በዚያ ጊዜ ውስጥ የሌላው ነገር ዋጋ በግማሽ ከጨመረ፣ ቤቱ ሲሦ ዋጋውን አጥቷል። ባለቤቱ ግን አንድም ቀን አልደነገጠም። ዋጋው እንዳለ ነው ብሎ ለደላላው ነግሮ፣ ገዢ ጠፋ ብሎ ያማርራል። በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነ የዋጋ ንረት ባየንባቸው ዓመታት፣ እንዲሁም ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ድብቅ ውድቀት ከግልጹ ይልቅ የእኛ ነው።

ዕቁብን በዚህ ዓይን ስናይ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ሃያ አባላት በወር አምስት አምስት ሺሕ ብር ቢጥሉ ዕጣው 100 ሺሕ ነው። ዋጋ በዓመት 25 በመቶ ቢጨምር፣ የመጨረሻው ባለ ዕጣ ከዐሥራ ዘጠኝ ወር በኋላ የሚቀበለው 100 ሺሕ፣ የመጀመሪያው ከተቀበለው ጋር ሲነጻጸር የሚገዛው ወደ 70 ሺሕ ብር ገደማ ነው። ወለድ የለም ብለን የምንመካበት ዕቁብ፣ በንረት ዘመን ከመጨረሻው ወስዶ ለመጀመሪያው ወለድ ይከፍላል። ዋጋ በሚወድቅበት ዘመን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀድሞ ወስዶ ቤት የሠራው በከበደ ገንዘብ ሲከፍል ይኖራል። አባላት በመግባባት ለቸገረው ቅድሚያ መስጠታቸው፣ ዳኛውም ዕጣ ሲያሸጋሽግ የሚያደርገው ጥንቃቄ፣ ይህን ቀመሩን ሳያውቁ ማወቃቸው ይመስለኛል። የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግን መዝግቦ ማሳየት የእኛ ሙያ ነው፤ እስካሁን በስፋት ሲደረግ አላየሁም።

ፊሸር በበኩላቸው መድኃኒቱ የዋጋን ደረጃ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው ብለው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደጋግመው ጻፉ። በ1933 አሜሪካ ዶላርን ከወርቅ ስታላቅቅ ደስታቸው ትልቅ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን በዕዳ የተያዙ ቤቶችን ውል ከአበዳሪዎች እየገዛ በዐሥራ አምስት ዓመት በትንሽ በትንሹ በሚከፈል ብድር ለወጠው። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ቤተሰቦች በዚህ ተጠቀሙ፤ ወደ 200 ሺሕ የሚጠጉት ግን ከዚያም በኋላ ቤታቸውን ከማጣት አልዳኑም። ያ ለፊሸር አልደረሳቸውም። የዋጋው ማገገም የእርሳቸውን አክሲዮን አላነሣውም።

በ1935 ከዬል በጡረታ ተሰናበቱ። በ1940 ባለቤታቸው ሞቱ። የፕሮስፔክቱን መንገድ ቤት ለቀው በኪራይ ክፍሎች ኖሩ። እስከ መጨረሻው ድረስ አዳዲስ ፈጠራ እየነደፉ፣ ሊያበድራቸው የሚችል ሰው እየፈለጉ፣ ይህኛው ዕዳዬን ይከፍልልኛል ብለው ተስፋ አደረጉ። አንዱም አልከፈለላቸውም። በ1933ቱ ጽሑፍ ላይ ያተኮረ አንባቢም በሕይወት ሳሉ እምብዛም አላገኙም፤ የነቢይነታቸው ስም ከገበያው ጋር ወድቆ ነበር። ባለሙያዎች ጽሑፉን በብዛት መልሰው ያነበቡት ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በተለይም በ2008 የአሜሪካ ቤት ዋጋ ወድቆ ዓለም ሲናወጥ ነው።

ካሮሊን ሐዛርድ በ1945 ሲሞቱ፣ የእኅታቸው ባል ዕዳ በኑዛዜያቸው ተሰረዘ። ፊሸር ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው ኤፕሪል 29 ቀን 1947 በኒውዮርክ ከተማ አረፉ።